ቃለ ጉባኤ የተያዘለት ፍሪጅ

ስልከኛዋ ባሏን ያገኘችው ፍሪጁን ከገዛች በኋላ ነው፤ የቀበረችውም ፍሪጁ ገና በደህና ጊዜው ሳለ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ የትዳር ጓደኛ እንደነበር ደፍሮ የጠየቃት ሰው የለም። ብትጠየቅም መልሱን ታውቀው ነበር።

ፍሪጁ ትከሻው የተድበለበለ፣ እጀታው የመኪና በር እጀታ የሚመስል፣ ሲዘጋ ግድግዳ የሚያነቃንቅ፣ እጀታው ላይ ደግሞ እንደ ቤት በር ቁልፍ የሚገባበት፣ ክሬም ቀለም ያለው ሽማግሌ ነው። የስልክ ማዞሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ገመድ ስትሰካና ስትነቅል የኖረችው ስልከኛዋ፣ ጡረታ ከወጣች ሃያ ዓመት ቢሞላትም ሰፈሩ ዛሬም በሥራዋ ነው የሚጠራት። በዚያ ዘመን ለአንድ ጥሪ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ማንም ይሁን ማን፣ ሚስቱን እያባበለም ይሁን አለቃውን እየለመነ፣ ጣልቃ ገብታ «ሦስት ደቂቃዎ ሞልቷል» ትልና ገመዱን ትነቅላለች። ሰዓት ማየት አያስፈልጋትም፤ ሦስት ደቂቃ ሰውነቷ ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል።

ነገሩ የተጀመረው በሾርባ ነው። የትላንቱን ሾርባ ከፍሪጁ አውጥታ፣ አሙቃ፣ ጠጥታ ሁለት ቀን ታማ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ልብሷን አጠበች። በአራተኛው ቀን ከበኩር ልጇ ደብዳቤ ደረሳት።

የበኩር ልጇ ኃላፊ ነው። ምን ላይ ኃላፊ እንደሆነ እናቱ ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስት ዓይነት መልስ ስላገኘች ትታዋለች። ደብዳቤው በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ቁጥርና ቀን ያለው ነበር፤ «ጉዳዩ፦ የቤተሰብ ስብሰባ ጥሪን ይመለከታል» ይላል። ከታች «ግልባጭ» ብሎ ለእህቱና ለሚስቱ ልኳል። ሚስቱ አንድ አልጋ ላይ አብራው ነው የምትተኛው፤ ግልባጩ ግን በፖስታ ነው የደረሳት።

ስብሰባው የተደረገው በስልከኛዋ ሳሎን ነው። ኃላፊው ከነክራባቱ መጥቶ፣ ያችን የሃያ ዓመት አገልግሎት ሽልማት የሆነችውን የክራባት ፒን እየደባበሰ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አጀንዳ አንድ፦ የእናታችን ደኅንነት።»

«አጀንዳ ሁለትስ?» አለች እናቱ።

«ሁለት የለም።»

«ታዲያ አንድ ማለት ምን አስፈለገ?»

እህቱ፣ አስተማሪዋ፣ ሳቋን ደብተሯ ውስጥ ቀበረችው። ጸሐፊ ተብላ የተሾመችው ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው፤ ሐሳቧን የጠየቃት አልነበረም።

«እማዬ፣ ብቻሽን መኖር ከእንግዲህ አይሆንም። እኛ ጋ ትመጫለሽ። ክፍልም ተዘጋጅቷል።»

«የትኛው ክፍል?»

«ያ… የካውያው።»

«ካውያው የት ይሄዳል?»

«ካውያውማ እዚያው ነው። አብራችሁ…»

ስልከኛዋ ምራቷን አየቻት። ምራቷ ጣሪያውን አየች። ባለፈው ሳምንት የምራቷ እህት፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ በሽተኛ ልትጠይቅ መጥታ መስኮቶቹን በሜትር ለክታ ነው የሄደችው። ስልከኛዋ ትኩሳት ላይ ስለነበረች ያላየች መስሏቸዋል። ትኩሳት ጆሮ አይደፍንም፤ «እዚህ ጋ ሁለት መስታወት፣ እዚያ ጋ የፀጉር ማጠቢያው» ሲባል ቃል በቃል ሰምታለች።

«የተበላሸው ፍሪጁ ነው» አለች። «እኔ አልተበላሸሁም።»

«ፍሪጁ ሞቷል እማዬ። ሁለት ባለሙያ አይቶታል።»

እውነት ነው፣ ሁለት ባለሙያ አይቶታል። አንደኛው በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎት «ጣሉት» አለ። ሁለተኛው ግን የተማረ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ቅርስ ነው፣ ይከበራል፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ሮዝ ተቀብቶ፣ ውስጡ መብራት ተሰክቶለት መደርደሪያ ቢሆን ያየው ሁሉ ይደነቃል አለ። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስትሰማ ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ ሻምፑዎቿ የሚደረደሩበትን እዚያው በሐሳቧ ደርድራ ጨረሰች።

«ሽማግሌን አንጀቱን አውጥቶ ሮዝ መቀባት ማክበር ከሆነ» አለች ስልከኛዋ፣ «ለእኔ ምን ቀለም አስባችኋል?»

ምራቷ እንደገና ጣሪያውን አየች። ስልከኛዋ ወደ ልጇ ዞረች።

«ከተሠራስ?»

«ምኑ?»

«ፍሪጁ።»

ኃላፊው ፈገግ አለ። ፈገግታው የበታች ሠራተኛ የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቀው የሚያሳያት ዓይነት ናት። «ጻፊ» አለ ወደ እህቱ ዞሮ። «ፍሪጁ ተጠግኖ ለሰባት ተከታታይ ቀናት ቅዝቃዜውን ጠብቆ ከቆየ፣ እናታችን በቤቷ መኖሯን ትቀጥላለች። ካልቆየ ግን በስምንተኛው ቀን ጓዟን ጠቅልላ ትገባለች። ቤቱም ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ነጥብ።»

«ነጥቡንም ልጻፍ?» አለች አስተማሪዋ።

ሁሉም ፈረሙ። ስልከኛዋ ከሁሉም አተልቃ ፈረመች።

በማግሥቱ ጋሽ ቆይን አስጠራች።

ጋሽ ቆይ በወጣትነቱ የፍሪጅ ፋብሪካ ወኪል ቤት ውስጥ ጠጋኝ የነበረ፣ ወኪል ቤቱ ተዘግቶ እንኳ መጠገኑን ያልተወ ቀጭን ሰው ነው። «ይሠራል?» ሲሉት «ቆይ»፤ «መቼ ያልቃል?» ሲሉት «ቆይ»። ሰፈሩ ዕድሜውን አክብሮ «ጋሽ» ጨመረበትና ስሙ ሆነ። በጎልማሳነቱ አንዲት ሴት «ታዲያ መቼ ነው የምትጠይቀኝ?» ብትለው «ቆይ» ብሏት እሷ ሌላ አግብታ የልጅ ልጅ አይታለች ይባላል።

የመሣሪያ ቦርሳውን አስቀምጦ፣ ይዞት የመጣውን ዱካ ፍሪጁ ፊት ዘርግቶ ተቀመጠ። ሶኬቱን ሰካ። ከዚያ እጁን አጣጥፎ አዳመጠ።

ስልከኛዋ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ሦስተኛ ሽማግሌ ፊት ጆሯቸውን ጥለው ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ አሉ።

«ሰሙ?» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ድሮ ሲነሣ 'ቅው' ብሎ ነው የሚነሣው። አሁን ሊነሣ ይልና 'ጠቅ' ብሎ ይተወዋል። ትንሽ ያርፋል። እንደገና ይሞክራል። እንደገና ጠቅ። መስመር ይዞ የሚያወራው ሰው አጥቶ ሃሎ፣ ሃሎ እንደሚል ሰው።»

ጋሽ ቆይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍሪጁ ላይ ዓይኑን አንሥቶ አያት። «እትዬ፣ ሃምሳ ዓመት ስጠግን 'አይሠራም' ከማለት ሌላ የነገረኝ ባለቤት የለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ቆይ።»

ምን እንደሆነ የታወቀው ሳጥኑ ሲነቀል ነው። አምና ኃላፊው የእናቱን ወጥ ቤት «ዘመናዊ» አደርጋለሁ ብሎ አናጢ አምጥቶ ነበር። አናጢው ፍሪጁን በግራ፣ በቀኝ፣ በላይና በኋላ በሳንቃ ገጥግጦ ፊቱን ብቻ አስቀረለት። ያኔ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ፓ!» ብሏል። ጋሽ ቆይ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ፍሪጁን ወደ ፊት ሲስበው፣ ከጀርባው ያለው ጥቁር ፍርግርግ እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ አቧራ ለብሶ ተገኘ።

«ይኼውልዎት» አለ ፍርግርጉን እያሳያት። «ከውስጥ የሚያወጣውን ሙቀት የሚተፋው በዚህ ነው። አየር ሲያጣ ሞተሩ ይግላል፤ ሲግል አልነሣም ይላል፤ ሊነሣ ሲታገል ማስነሻውን ያቃጥላል። እዚህ ሳጥን ውስጥ እኔንም ቢያስገቡኝ አልነሣም። ማነው የሠራው?»

«ልጄ ነው ያሠራልኝ። ለልደቴ።»

ጋሽ ቆይ ሊስቅ አለና የራሷ ልጅ መሆኑን አስታውሶ ሳቁን በሳል ቀየረው።

አምስት ቀን ሠራ። ፍርግርጉን በብሩሽ ጠረገ። የጨርቅ ሽፋናቸው በጣት ሲነካ የሚረግፈውን የጥንት ሽቦዎች አውጥቶ በአዲስ ለወጠ። የተቃጠለችውን ማስነሻ መለዋወጫ ከሚያጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ባወጣት እኩያዋ ተካ። ብርዱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ገጠመ። ጋዙን ግን አልነካም። «የዛሬ ጠጋኝ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ቧንቧ ቆርጦ ጋዝ ልሙላ ይላል» አለ። «ይኼ ከፋብሪካ እንደታሸገ ነው። ያላፈሰሰን ሆድ ለምን እከፍታለሁ?»

ያስቸገረው የበሩ ጎማ ነበር። ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰነጠቃል፤ እንደሱ ያለ ደግሞ የሚሸጥ የለም። ጋሽ ቆይ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የበር ጎማ ገዝቶ መጣና በምላጭ እየቀረፈ፣ ጥግ ጥጉን እያጣበቀ ዙሪያውን ገጠመው። ከዚያ «ቀጭን ወረቀት ይኖርዎታል?» አላት።

ስልከኛዋ መሳቢያ ከፍታ «ጉዳዩ፦ የቤተሰብ ስብሰባ ጥሪን ይመለከታል» የሚለውን ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችው።

«ይኼ አያስፈልግዎትም?»

«እስካሁን አላስፈለገኝም።»

ደብዳቤውን በቁመቱ ሸነሸነው። አንዱን ሽንሽን በሩ ላይ አድርጎ ዘጋበትና ሳብ አደረገ። ጠበቅ ካለ ጎማው ገጥሟል፤ ሸርተት ካለ ብርዱ በዚያ ያመልጣል። ዙሪያውን እንዲህ እየሞከረ ሲሄድ «ጉዳዩ» የሚለው ሽንሽን ታችኛው ማጠፊያ ጋ ሸርተት ብሎ ወጣ። ማጠፊያውን ፈትቶ በስስ ቆርቆሮ ከፍ አደረገውና ደገመው። በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱ ለሁለት ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ስልከኛዋ ከልጇ መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ለሰው ሲጠቅም ያየችው ያኔ ነው።

በስድስተኛው ቀን ጧት ተሰካ። ቅው አለ። ስልከኛዋ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ማታውን በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስቀመጡት ብርጭቆ ውሃ ደንጊያ ሆነ። ይሄኔ ለኃላፊው ተደወለለት፤ የሰባቱ ቀን ቆጠራም በማግሥቱ ሰኞ ተጀመረ።

ኃላፊው ግን ያለ ክትትል ምንም ነገር ሲሠራ አይቶ አያውቅም። ሰኞ ጧት ቴርሞሜትርና ሰንጠረዥ የተሰመረበት ቅጽ ይዞ መጣ። በቀን ሦስት ጊዜ ንባብ ይወሰዳል፤ ጧት አስተማሪዋ፣ ቀን ምራቷ፣ ማታ እሱ ራሱ። «ኮሚቴ» ብሎ የሰየማቸው የሦስቱ ሥራ መጀመሩን አስመልክቶ በሩን ከፍቶ አጭር ንግግር አደረገ። ስልከኛዋ ቆጠረችለት፤ ሁለት የሦስት ደቂቃ ጥሪ ከግማሽ።

«በሩን ዝጋው አባቴ።»

«እማዬ፣ አሠራሩን ለባለሙያ ተዪው።»

የአስተማሪዋ ንባብ ጧት ጧት አራት ዲግሪ ነው። ከፈት ታደርጋለች፣ አንገቷን አስገብታ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ ትጽፋለች። ምራቷ ቀን የምትወስደው ስድስትና ሰባት ነው፤ በሩን ከፍታ ከእህቷ ጋር ስለ ሮዝ ቀለም በስልክ ስለምታወራ። የኃላፊው የማታ ንባብ ግን ሰኞ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ አሥር፣ ረቡዕ አሥራ አንድ ወጣ። ልዩነቱ ሲጠየቅ «የእህቴ ንባብ ጊዜያዊ ነው» አለ።

ስልከኛዋ ሁለት ቀን ጆሮዋን፣ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ተጠቀመች። ሌላ ጊዜ ሞተሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ሠርቶ ሃያ ደቂቃ ያርፋል፤ ኮሚቴ መጥቶ ሲሄድ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ይጮሃል። ይህ ገባት። ያልገባት የልጇ ዘጠኝና አሥር ዲግሪ ነበር። ረቡዕ ማታ ጋሽ ቆይ ዱካው ላይ ተቀምጦ ሳለ ልጇ መጣ፤ እሷ ጥግ ቆማ አየችው። ኃላፊው ቴርሞሜትሩን ከመደርደሪያው አነሣ፣ በጣቶቹ መሀል ጫፉን ጨበጠ፣ በሩን ብርግድ አድርጎ ትቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከጀንበሯ በቀረው ብርሃን ፊት አራቀው፣ አቀረበው፣ እንደገና አራቀው። መነጽር ያስፈልገዋል ከተባለ አራት ዓመቱ ነው፤ ኃላፊ መነጽር ካደረገ አርጅቷል ይባላል ብሎ አላደርግም ብሏል። ቴርሞሜትሩ በእጁ ሙቀት እየወጣ፣ እየወጣ፣ ዓይኑ ሲደርስበት አሥራ አንድ ገባ።

ስልከኛዋ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብትነግረው «የንባብ ቅሬታ» የሚል አጀንዳ ይከፈታል፤ አጀንዳ ከተከፈተ በሩም ይከፈታል። በሆዷ ያዘችው።

ኃላፊው ቴርሞሜትሩን ሊመልስ ሲያጎነብስ ያቺ የሽልማት ፒን ከክራባቱ ሾልካ በረዶ ቤቱ ውስጥ ባለው ብርጭቆ ላይ፣ በደረቀው በረዶ መሀል ቁጭ አለች።

«ቆይ!» አለ ጋሽ ቆይ። ከዱካው ተጣድፎ ሲነሣ ማንም አይቶት አያውቅም፤ ዛሬ ተነሣ። «አይንኳት።»

«ፒኔ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። ብረት ናት። በረዶው ከቀለጠ ትሰምጣለች። መልሶ ቢረጋ እንኳ ታች ናት የምትገኘው። አሁን ላይ ናት። እሑድም ላይ ከተገኘች ፍሪጁ አንድ ጊዜም አልሞቀም ማለት ነው። ከሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?»

ኃላፊው ቅጹን አየ፤ አሥራ አንድ ዲግሪ። በልቡ ፒኗን እስከ ብርጭቆው ታች ድረስ አሰመጣት። «ተቀብያለሁ» አለ። «በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።»

ይሄኔ ስልከኛዋ በለሰለሰ ድምፅ ገባች፤ የድሮ ደንበኞቿ ይህን ድምፅ ሲሰሙ መስመራቸው ሊቆረጥ መሆኑን ያውቁ ነበር። «ግን እኮ የኔ ጌታ፣ ሰው ምን አይልም? 'አሮጊቷ ሌሊት ከፍታ ፒኗን አንሥታ አስቀመጠቻት' ቢሉስ? እኔ ለስምህ ነው የማስበው።»

ኃላፊው ፒን አልባ ክራባቱን ደባበሰ።

«ቁልፍ አለው» አለች፣ ከመሳቢያው ያቺን ትንሽ ቁልፍ አውጥታ። ልጇ ቁልፏን ሲያይ ጆሮው ቀላ። በዘጠኝ ዓመቱ ማርማላታውን በጣቱ እያነሣ ሲጨርስባት ፍሪጁን የቆለፈችው በሱው ምክንያት ነበር። «ተቆልፎ፣ አንተ ታሽገው። ፊርማህና ማኅተምህ ይኑርበት።»

ማኅተም የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ በራ። ከቦርሳው ወረቀት፣ ሙጫና ማኅተም አወጣ፤ ማኅተሙን ለምን ይዞት እንደሚዞር ማንም አልጠየቀውም። በሩ ተቆለፈ። የበሩ መገጣጠሚያ ላይ ወረቀት ለጠፈ፣ ፈረመ፣ ቀን ጻፈ፣ መታ። ቁልፉን በፖስታ አሽጎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቅጹን ሊሞላ ዞር ሲል ለነገ ንባብ የሚከፈት በር አለመኖሩን አስተዋለ።

«ንባቡስ?»

«በገዛ ማኅተምህ ላይ ማን ይደፍራል ልጄ?» አለች እናቱ።

ሐሙስ እና ዓርብ ሞተሩ አሥራ አንድ ደቂቃ እየሠራ ሃያ እያረፈ ዋለ። ምራቷ ቀን ቀን መጥታ ማኅተሙን እያየች ተመለሰች። ስልከኛዋ ልብሶቿን ካውያ ያለበት ክፍል ውስጥ ማሰቧን ትታ ለመስኮቱ አዲስ መጋረጃ ልትሰፋ ጨርቅ አወጣች።

ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

የጠፋው በመንደሩ ሁሉ ነው። ጋሽ ቆይ ሳይጠሩት መጣ፤ መጀመሪያ ያደረገው ሶኬቱን መንቀል ነበር፤ ቀጥሎ ከስልከኛዋ አልጋ ሁለት ብርድ ልብስ አስመጥቶ ፍሪጁን ከራሱ እስከ እግሩ ጠቀለለው። ከዚያ ተቀመጠ።

አራት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ፤ ስምንት ሆነ። ኃላፊው ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቶ ሲመጣ ብርድ ልብስ የለበሰውን ፍሪጅ አይቶ ፊቱን ያዘነ ለማስመሰል ታገለ። «መብራት መጥፋቱ የማንም ጥፋት አይደለም» አለ። «ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ስለ መብራት የተጻፈ የለም። እንዲያው ለዝግጅት ያህል፣ እማዬ፣ ነገ የዕቃ መኪና ልጠይቅ?»

እዚያው የነበረችው አስተማሪዋ «ወንድሜ!» አለችው።

«ለዝግጅት ነው ያልኩት።»

ስልከኛዋ ዝምታውን እየሰማች ነበር። በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሲሠራና ሲያርፍ የኖረው ድምፅ የለም፤ በቦታው የካውያ ክፍል አለ፣ የሰው በር ሲከፈትና ሲዘጋ አለ፣ «እማዬ ይሄን አትንኪ፣ እማዬ ያን ተዪው» አለ። መርፌዋን መጋረጃው ላይ ሰካችና ተወችው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አምፖሉ ቦግ አለ። ስልከኛዋ ብድግ ብላ «ይስኩት!» አለች።

«ቆይ» አለ ጋሽ ቆይ።

«የምን ቆይ! ስድስት ሰዓት ተኩል ቆይቷል! በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ይስኩት እንጂ!» እጇ ሶኬቱ ላይ ነው።

«እትዬ። መብራት ሲመጣ በአንዴ አይደለም የሚመጣው። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ሞተሩ እፍ ብሎ ተነሥቶ ወዲያው ቢጠፋበትና ወዲያው ቢመጣበት፣ ጋዙ ገና ታፍኖ ሳለ ልነሣ ብሎ ይታገላል። ያቺን 'ጠቅ' እንደገና ሊሰሟት ነው?»

እጇን መለሰች። አምፖሉ ጠፋ። በራ። እንደገና ጠፋ። ከጎረቤት ቤት የአዲሱ ፍሪጃቸው ድምፅ ጮኾ ሲያቋርጥና ሴትየዋ «ወይኔ!» ስትል ተሰማ። አምፖሉ በራና ጸና። ጋሽ ቆይ አሁንም ቁጭ። ስልከኛዋ ሦስት ደቂቃ ቆጠረች። ሌላ ሦስት ቆጠረች። ሦስተኛው ሦስት ሲሞላ ጋሽ ቆይ ብርድ ልብሶቹን አነሣና ሶኬቱን ሰካ።

ምንም።

ከዚያ ቅው።

ስልከኛዋ መርፌዋን ፈለገች። እንባዋን ማንም እንዳያይ መጋረጃው ብዙ አገለገላት።

እሑድ ሁሉም ተሰበሰበ። ኃላፊው በአዲስ ክራባት፣ ያለ ፒን፣ መጣ፤ ክራባቱ ባጎነበሰ ቁጥር እንደ ላም ምላስ ይወጣል። ማኅተሙን መረመረ፤ የራሱ ነው። ፊርማውን መረመረ፤ የራሱ ነው። የሚጠረጥረው ሌላ ሰው ስላጣ ቀደደው። ፖስታውን ከፈተ፣ ቁልፉን አስገባ፣ አዞረ፣ እጀታውን ሳበ።

ፒኗ ላይ ነበረች። አንዱ ጥጓ ብቻ የጥፍር ጨረቃ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ቀሪዋ በደረቅ በረዶ ላይ «ሃያ ዓመት አገልግሎት» የሚለውን ጽሑፏን ወደ ላይ አድርጋ ተንጋላለች።

«ሰምጣለች!» አለ ኃላፊው።

«የቱ ጋ?» አለች እህቱ።

«ይቺ ጋ… ይቺ ጥግ።»

«መነጽር ሳታደርግ ያቺን ካየህ» አለች እናቱ፣ «ቴርሞሜትሩን ወደ መስኮት መውሰድ ምን አስፈለገህ?»

«ምን?»

«በእጅህ ጨብጠህ ነው እኮ የምታነበው። አሥራ አንድ ያልከው የፍሪጁን አልነበረም፤ የራስህን ነው።»

አስተማሪዋ ደብተሯ ውስጥ መቀበር አቃታት፤ ሳቋ ወጥ ቤቱን ሞላው። ምራቷ ስልኳን አውጥታ ወደ ግቢው ወጣች። «ሌላ ቤት ፈልጊ» ስትል በመስኮቱ ተሰማ። «አይ… ሮዙም አይሆንም።»

ኃላፊው ግን ሃያ ዓመት በከንቱ አላገለገለም። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጻፊ። በኮሚቴው ጥብቅና ያላሰለሰ ክትትል፣ እንዲሁም በተወሰደው የማሸግ እርምጃ፣ ፍሪጁ ወደ መደበኛ ሥራው ሊመለስ ችሏል። ነጥብ።»

«የጋሽ ቆይስ ስም?» አለች እህቱ።

«ሌሎች አካላትም የበኩላቸውን አድርገዋል፣ በይ።»

ጋሽ ቆይ ሌሎች አካላት መባሉ ቅር አላሰኘውም። ከተነቀለው ሳንቃ መደገፊያ ያለው ወንበር እየሠራ ነበር፤ ስልከኛዋ ዱካው ለወገብ አይመችም ብላዋለች። ለማን እንደሚሠራውና የት እንደሚቀመጥ አስተማሪዋ ልትጠይቅ አለችና ምን ብሎ እንደሚመልስ ስለምታውቅ ተወችው።

«ቃለ ጉባኤው ይፈረም» አለ ኃላፊው። ተፈረመ። ስልከኛዋ እንደ በፊቱ ከሁሉም አተልቃ ፈረመች፤ በዚህኛው ጊዜ አንድ ግልባጭ ይሰጠኝ ብላ ተቀብላ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲህ ፒኔን» አለ ልጇ። በሩ ገና እንደተከፈተ ነው። ጣቱን ሰደደ፤ ፒኗ ከበረዶው ጋር አንድ ሆናለች። በጥፍሩ ሞከረ። በማንኪያ ጫፍ ሞከረ። አጎንብሶ እስትንፋሱን እፍ አለባት፤ ክራባቱ ከሥሩ ባለው የወተት ጣሳ ውስጥ ገባ። «ነገ ሰኞ ነው፣ ያለሷ ቢሮ አልገባም፤ እንዲያው ትንሽ በሩ ክፍት ቢቆይ በራሷ ጊዜ…»

ስልከኛዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አላየችም።

«ሦስት ደቂቃዎ ሞልቷል» አለችና በሩን ገፋችው። ልጇ ጣቱንና ክራባቱን ለጥቂት አወጣ። ግድግዳው ተነቃነቀ።